ባለቤቴ ሦስት ቀን የመረጠው ጎማ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ዝናቡ ገና ሲጀምር ነው። ሳስታውሰው መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቁን እተወዋለሁ።

መርካቶ ውስጥ የክርና የቁልፍ ሱቅ አለኝ። ባለቤቴ ደሳለኝ በሞተር ሳይክል ከነጋዴዎች ዕቃ እየተቀበለ ለደንበኞች ያደርሳል። ጠዋት ጠዋት ግን የመጀመሪያ ጭነቱ ልጃችን ሳሮን ናት። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሌላ ልጅ የለንም። ከኋላው ወገቡን አቅፋ ትቀመጥና ትምህርት ቤት ያደርሳታል።

የኋላው ጎማ አልቆ ልሙጥ ሲሆን ጋሼ ከድር ዘንድ እንዲወስደው ለመንኩት። ጋሼ ከድር ሰፈራችን ውስጥ ጎማ ሲጠግኑና ሲቀይሩ የኖሩ ጎሚስታ ናቸው። ደሳለኝ ዋጋቸውን ሲሰማ ሳቀ።

"ለዚህ ለዚህማ እኔስ እጅ የለኝም?" አለኝ።

እጅስ አለው። የጎደለው ሌላ ነው።

ስልኩ ላይ ሦስት ቪዲዮ አየና ተመረቀ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የሚወራው ስለ ጎማ ብቻ ሆነ። ጎኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ስፋቱንና የተመረተበትን ጊዜ እንዴት እንደሚናገር ለእኔ አስተማረ፣ ለሳሮን አስተማረ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ሞተር ቀርቶ ሳይክል የላቸውም፤ እሳቸውም ሳይወዱ ተማሩ።

ጎማውን የፈታው በወጥ ቤቴ ዕቃ ነው። ሁለት የብረት ማንኪያዎቼ ተቆልምመው ቀሩ፤ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናዬም ግቢው ላይ አለቀ። የወጣውን አሮጌ ጎማ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ጎማ ተራ ወሰደና ሸጠው። "አየሽ፣ ሌላው ሰው ይጥለዋል፣ እኔ ብር አደረግኩት" ብሎ ደረቱን ነፍቶ ተመለሰ።

ከዚያ ምርጫው ተጀመረ። ሦስት ቀን ሙሉ ሥራ ፈትቶ መረጠ። እኔን ለማግባት ይህን ያህል አልፈጀበትም። ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው እያንኳኳ፣ እያሸተተ፣ ዋጋ እየጠራ ዞረ። መጨረሻ ላይ የገዛው አሮጌውን ጎማ ከእሱ ከተቀበለው ከዚያው ነጋዴ ነው። ለምን ስለው፣ "ደንበኛዬ ሆኗል፣ አያታልለኝም" አለኝ። የሦስት ቀን ደንበኛ!

ክርክሩን ሲተርክልኝ ፊቱ ያበራ ነበር። ነጋዴው እንዴት እንደማለ፣ እሱ እንዴት ሁለት ጊዜ ጥሎ እንደሄደ፣ ሰውየው እንዴት ሮጦ እንደመለሰው። ስለ ዋጋው የማያውቀው ነገር የለም። ስለ ጎማው ስጠይቀው "ትንሽ የተነዳ፣ ከውጭ የመጣ ነው" ብሎ አለፈው።

ጎማው እውነትም ጥቁርና አንጸባራቂ ነበር። ጠጋ ብዬ አሸተትኩት።

"ደሳለኝ፣ ይሄ ነገር የጫማ ቀለም ይሸታል።"

"የጎማ ሽታ ነው። አንቺ ስለ ክር አውሪ።"

ከዚያ ጎኑን በጨርቅ ጠርጎ ቁጥሩን አነበበና ጮኸ። ስፋቱ ከድሮው ጋር አንድ፣ የተመረተበት ሳምንት እንኳ አንድ! "ዕድል ማለት ይህ ነው" አለ። እኔም ዕድሉ ነው ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ጎማውን ራሱ ገጥሞ በነጋታው ሳሮንን ጭኖ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። "እህቴ፣ ባልሽና ልጅሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ወድቀዋል፤ ደህና ናቸው፣ ግን ነይ።"

ሱቁን ሳልዘጋ በእግሬ ሮጥኩ። መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲ አይንቀሳቀስም። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

ሳሮንን አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ጆንያዋ ላይ አስቀምጣት ጉልበቷን በነጠላዋ ጫፍ ይዛላታለች። ደሳለኝ ከጭቃው ውስጥ ሞተሩን ያነሳል። አንድ ሚኒባስ አስፋልቱ ላይ ከወደቀው የሳሮን ቦርሳ አንድ እርምጃ ላይ ቆሟል። ሹፌሩ ወርዶ ቦርሳውን ያያል። "ፍሬኑ ባይዝልኝ..." አለኝ። ልጄን አቅፌ አለቀስኩ። ባሌን ማየት አልፈለግኩም።

የሳሮንን ጉልበት ክሊኒክ አሳሽገን ሞተሩን እየገፋን ጋሼ ከድር ጋ ሄድን። ሽማግሌው ጎማውን አወለቁ፣ ውስጡን በእጃቸው ዳሰሱ፣ አንድ የተለጠፈ ላስቲክ ላጥ አደረጉና ጠሩኝ።

"ገነት፣ ነይ እስቲ። ይሄን ክር ታውቂዋለሽ?"

ክው አልኩ። ብርቱካናማ የናይለን ክር ነው። በፊት የእኛ ጎማ በስለት ተቀድዶ ጋሼ ከድር ሲሰፉልን ክሩን የወሰዱት ከእኔ ሱቅ ነበር። ጥቁሩ አልቆብኝ ብርቱካናማውን ሰጥቻቸው ነበር።

"ስፌቱ የእኔ እጅ ነው" አሉ። "ያለቀውን ጎማችሁን በጋለ ቢላዋ ፈልፍለው ጥርስ አወጡለት፤ ቀለም ቀቡና መልሰው ለራሳችሁ ሸጡላችሁ። በመፈልፈሉ ሳስቶ ስፌቱ ለቀቀ፤ አየር የሚይዘው የውስጡ ካላማዳሪም በዚያ ወጥቶ ፈነዳ።"

ባለቤቴ መጀመሪያ ያለው ምን መሰላችሁ? "ከሸጥኩበት ሦስት እጥፍ ከፈልኩበት!" ልጁ ጉልበቷ በፋሻ ታስሮ አጠገቡ ቆማለች፣ እሱ የከፈለውን ያሰላል። በዚያች ሰዓት በተቆለመመው ማንኪያዬ ብመታው ደስ ይለኝ ነበር።

እየፎከረ ጎማ ተራ ወሰደን። ነጋዴውን ልብሱን ሊይዘው ምንም አልቀረው። "ሌባ! የገዛ ጎማዬን፣ ያውም ያለቀውን፣ ደህና ነው ብለህ ትሸጥልኛለህ?"

ነጋዴው አልተቆጣም። በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ቀና አለ።

"ወንድሜ፣ አንተስ ስትሸጥልኝ ምን አልከኝ? ‘ልጄ ትሙት፣ ይህ ጎማ ገና አንድ ክረምት ይሄዳል’ አላልክም? እኔ ያንተን መሐላ አምኜ ነው የገዛሁት።"

ሳሮን እጄን ለቀቀችና ቀና ብላ አባቷን አየችው።

"አባዬ፣ እኔን ነው?"

ገበያው ይንጫጫል፣ ተሸካሚው "ወገድ!" ይላል፣ ባለቤቴ ግን መሬት መሬቱን ያያል። "እንዲያው የገበያ ወሬ ነው፣ ልጄ" አላት በመጨረሻ። ከዚያ ወዲህ ሳሮን ትምህርት ቤት የምትሄደው ከእኔ ጋር በታክሲ ነው።

በእሱ ላይ ለብዙ ቀን ተሳለቅኩ፤ አሁንም አልተውኩትም። ጎማ ሲያልቅበት ወደ ጋሼ ከድር የሚሄደው አንገቱን ደፍቶ ነው።

እኔ ግን ማን ነኝ? ያቺው ሳሮን ትምህርት ቤት ተቀምጣ፣ እኔ ሱቄ ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ "ልጄ ትሙት፣ ይህ ክር ቀለሙ አይለቅም" እል ነበር። እንደሚለቅ እያወቅኩ። ከዚያ ቀን በኋላ በልጄ መማል ትቻለሁ። አንዲት ገዢ ቀዩን ክር አንስታ "ይለቃል?" ስትለኝ፣ "ትንሽ ይለቃል" እላታለሁ። መልሳ ታስቀምጥና ጎኔ ወዳለው ሱቅ ትገባለች። ባለሱቁ የሚሸጠው ያንኑ ክር ነው። አራት ልጆች አሉት፤ በአንዱ ይምልና ይሸጥላታል።