ጉሮሮዬን ስጠርግ ዝም አሉ

ቃሩ በቀዶ ጥገና ከጠፋ ጉሮሮ ለምን አብሮ አይድንም?

ዛሬ ሴቻ ሰፈር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ለመምህርነት ቃለ መጠይቅ ገብቼ ነበር። የጨጓራዬ አሲድ ሽቅብ እንዳይመለስ ከተሰፋሁ ወራት አልፈዋል። አሁንም ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር የተሰካ ይመስለኛል፤ "እህም" ሳልል አልናገርም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ጉሮሮውን የጠረገ ሰው ሊናገር ነው። ጠያቂዎቹ "እህም" ባልኩ ቁጥር ወሬያቸውን አቋርጠው ይጠብቁኛል። እኔ የምለው የለኝም። (ከተመረቅሁ ወዲህ እንዲህ በአክብሮት ያዳመጠኝ አልነበረም።)

"ምን ልትል ነው?" አሉ ርዕሰ መምህሩ።

"ምንም ጋሼ፣ ጉሮሮዬ ነው።"

"እንግዲያው ከጉሮሮህ ጋር ስትታረቅ ብቅ በል፣ ልጄ።"

መቼ እንደምንታረቅ ሐኪሜም አያውቅም። እኔም ተስፋ እየቆረጥኩ ነው።

ይህን ቀዶ ጥገና ያደረጋችሁ፣ ጉሮሯችሁ ዳነ? ካልዳነም ሳትደብቁ ጻፉልኝ፤ የጨረሰኝ መጠበቁ ነው።