ሰማያዊው ቀስት

ሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ኢምፔሪያል ጋ የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ መንገዱ መዘጋቱን የሚገልጸውን ዜናዬን ለአለቃችን በኢሜይል ላክሁ። በጊዜው አላነበበውም።

የዜና ቢሯችን ሃያ ሁለት ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ፊት ለፊታችን የሚሠራው ሕንፃ ከሳምንት ሳምንት እየረዘመ ብርሃናችንን ይወስድ ነበር። አለቃችን ኢሜይል ስለሚበዛበት ደንብ አውጥቷል፦ አስቸኳይ ዜና ቀይ ምልክት ይደረግበታል፤ እስከ አሥር ሰዓት የሚከፍተውም ቀዩን ብቻ ነው። ምልክቱን ስለምንረሳ አዲሷ ባልደረባችን ስክሪፕት የሚሉትን አጭር የኮምፒውተር ትእዛዝ ጻፈች። ፋይሉን ጠቅ ሲያደርጉት ዜናውን አያይዞ፣ ቀይ አድርጎ ይልካል። ያን ሰኞ ጠዋት በየኮምፒውተራችን ላይ አስቀመጠችልን፤ የቧንቧውን ዜና የላክሁትም በሱ ነው።

በዚያ ሰሞን ምክትል አዘጋጅ ሊሾም ነበር። እኔ አሥራ አራት ዓመት ዘግቤአለሁ፤ እሷ ሁለት። «ልጅቷ እኮ ሌላ ናት» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ጥርሴን እነክስ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አለቃችንን ስለ ዜናው ጠየቅሁት። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። የሷ ዜና ቀይ ነው። የኔ ላይ ወደ ታች የሚያመለክት ሰማያዊ ቀስት አለ፦ ዝቅተኛ። የሌሎቹን አላየሁም።

«አንተው ነህ ዝቅተኛ ያልከው፤ እኔን ምን አድርግ ትለኛለህ?» ብሎ ሳቀ።

ወንበሬ ላይ ተመልሼ አቤቱታ ጻፍሁ፦ ሆን ብላ ዜናዬን ዝቅ አድርጋለች፤ ለሹመት አትበቃም። በንዴት ሳላስበው ያንኑ ፋይል ጠቅ አድርጌ ላክሁት። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ሳላረጋግጥ የጻፍሁት እሱን ብቻ ነው።

ከምሳ በኋላ ማስረጃ ፍለጋ ስክሪፕቱን ከፈትሁት። «ከፍተኛ» የሚለው ደረጃ በትክክል በስሙ ተጽፏል። ጠራኋት።

«ጋሼ፣ እኔ ጋ እኮ ይሠራል!»

«አንቺ ጋማ ምን የማይሠራ አለ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ይቀኑብኛል እንዴ?» ብላ እየሳቀች ወንበር ሳበች።

እሷ ስክሪፕቱን የምታስነሳው ከኢሜይል ፕሮግራሙ ውስጥ ነው፤ እዚያ «ከፍተኛ» የሚለው ስም ይታወቃል። ለእኛ የሰጠችን ግን ከፕሮግራሙ ውጭ ለብቻው የሚቆም ፋይል ነው። ስሙ የሚወክለውን ቁጥር እንዲያሳየን አዘዝነው። ባዶ ሳጥን ወጣ። የፕሮግራሙን ዝርዝር አየን፦ ከፍተኛ ሁለት፣ መደበኛ አንድ፣ ዝቅተኛ ዜሮ። ባዶው እንደ ዜሮ ተቆጥሯል።

«ወይኔ! የሁላችሁንም ነዋ ዝቅ ያደረግሁት» አለች። «የማያውቀው ስም ሲያጋጥመው «ስህተት» ብሎ እንዲጮህ ማዘዝ ነበረብኝ። ጋሼ፣ እንኳን ነገሩኝ።»

ከፋይሉ አናት ላይ «ከፍተኛ» ማለት ሁለት መሆኑን በአንድ መስመር ጻፈች። ሙከራ ላክሁ፤ ቀይ ሆነ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አለቃችን ክፍል ገባሁ። ጠዋት በስህተት የላክሁትን ኢሜይል እንዲያጠፋልኝ ጠየቅሁት።

«የትኛውን?» አለና ስክሪኑን አዞረልኝ።

የሷ የሹመት ደብዳቤ ተፈርሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አቤቱታዬ ሰማያዊ ቀስት ነበረው። አልተከፈተም።