አያ ሞላ ስሙን የረሱት ወንዝ

ልጅ ሳለሁ፣ ከእራት በኋላ ኩራዙ ጥግ ላይ እየጨሰ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ሞላ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው የህንድ አገር ተረት ያወሩልን ነበር። እሳቸው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበሩ፤ ህንዳዊው የሒሳብ መምህር ከአገሩ ያመጣውን የልጆች መጽሐፍ በተሰባበረ አማርኛ ይነግራቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ የጎደለውን ከአገራችን ከላስታ እየሞሉ ለእኛ ያደርሱታል። ስለዚህ የህንዱ ንጉሥ ጠላ ይጠጣ፣ ዝሆኑም ገብስ ይበላ ነበር።

በተረቱ ውስጥ የአንዲትን ልጅ ወንድም የእባቦች ንጉሥ ወስዶ ድንጋይ አድርጎባታል። የሚያስነሳው የተቀደሰው ወንዝ ውሃ ብቻ ስለሆነ፣ በዝሆን ተቀምጣ ጫካውንና በረሃውን ታቋርጣለች። ያኔ ዝሆን አይቼ አላውቅም ነበር፤ ፍሙን ትክ ብዬ ሳይ ግን ጆሮውን ሲያራግብ ይታየኝ ነበር። የእኔም ወንድም ካሣ ከገበያ ታፍሶ ወደ ጦር ሜዳ ከተወሰደ ወዲህ ወሬው ጠፍቶብን ነበር።

አንድ ምሽት «አያ፣ ወንዙ ማን ይባላል?» አልኳቸው።

ስሙ ጠፍቷቸው ጥቂት አሰቡና፣ «ዮርዳኖስ በይው በቃ» አሉኝ።

እንቅልፍ ከየት ይምጣ! ዮርዳኖስማ ከቤታችን በታች፣ ከዓለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት ለሁለት ከፍሎ የሚወርደው የእኛው ቦይ ነው። በነጋታው ቅል ይዤ ወረድኩ። በጋ ስለነበር ከድንጋዩ ሥር ጠብታ እንኳ አልነበረም። እዚያው ቁጭ ብዬ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ያገኙኝ አያ ሞላ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው አልሳቁብኝም፤ ቅሉን ተቀብለው፣ እጄን ይዘው መለሱኝ። ማታ ተረቱን ሲቀጥሉ፣ «ልጅቱ ብትደርስ ወንዙ ደርቆ አገኘችው» አሉ።

እናቴ ጥጥ ስትፈትል ተረቱን ከቁም ነገር አትቆጥረውም ነበር። ያን ምሽት ግን እንዝርቷን አቆመች።

«ታዲያ ምን አደረገች፣ አያ?»

«ክረምቱን ጠበቀቻ።»

«ቢዘገይስ?»

«ቢዘገይም።»

ክረምት ገብቶ ዮርዳኖስ ድፍርስ ውሃ ሲያወርድ፣ እናቴ ቅሉን ከተሰቀለበት አውርዳ «ነይ እንሂድ» አለችኝ። ቀድተን ተመለስን፤ ለምን እንደሆነ አልተነጋገርንም።

ካሣ አልመጣም። መምህሩ አገሩ ገባ፤ የተረቱን መጨረሻ ዛሬም አላውቀውም፣ ዝሆኑም ደብዝዞብኛል። እናቴ ግን እስክታርፍ ድረስ በየክረምቱ ያን ቅል ትሞላው ነበር። ተረት መሆኑን ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ፤ አሁን የምሞላው እኔ ነኝ።