የወንድሜ ጆሮ በምክር ቤት ፊት

ታላቅ ወንድሜ ጫኖ የምትባል ቀበሌ ላይ ሙዝ ያለማ ነበር። ከተወለደ ጀምሮ ቆዳውም ፀጉሩም ነጭ ነው። አልቢኒዝም የሚባለውን ስም ግን የሰማነው ሁለታችንም ከጎለመስን በኋላ ነው። የሰፈሩ ሰው «ፈረንጁ» ሲለው «አቤት» ይላል። የሙዙ ጥላ ይበቃኛል እያለ ባርኔጣ እንኳ አያደርግም ነበር።

ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ግራ ጆሮው ላይ ትንሽ ቁስል ወጣችበት። እኔ እህቱ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር አስተማሪ ነኝ፤ ተምሬያለሁ የምል ሰው ነኝ። ግን «ምች ነው» አልኩና ዳማከሴ ጨምቄ ቀባሁት። ቁስሉ ደረቅ ይልና ተመልሶ ይደማል። እንዲህ ስንል ዓመት አለፈ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

ትራሱ በደም ርሶ ያየሁ ዕለት እየጎተትኩ ሆስፒታል ወሰድኩት። ወጣቷ ሐኪም ጆሮውን ደጋግማ አየችና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ምች አይደለም። የቆዳ ካንሰር ይመስለኛል» አለችው።

«ቆዳንም ካንሰር ይይዘዋል እንዴ?»

«ይይዘዋል። የእርስዎን ቆዳ ደግሞ ፀሐይ ቶሎ ይጎዳዋል። ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ ትንሽ ቆርጠን እንገላገለው ነበር።»

አዲስ አበባ ተልኮ አብዛኛውን ጆሮውን ቆረጡት፤ ሕይወቱ ግን ተረፈች። ስንመለስ አውቶብሱ ምዕራብ ዓባያ ሲደርስ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ አስተማሪ ሆነሽ ካላወቅሽ፣ ገበሬው ከየት ያውቃል?»

«እንንገረው እንግዲህ» አልኩት።

ከቤተ ክርስቲያናችን ጀመርን። ፓስተሩ እሑድ ከአምልኮ በኋላ አሥር ደቂቃ ሰጡን። ቀጥሎ ሲቀላ ገበያ ወጣን። ባርኔጣ የሚያከፋፍሉ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ እንድንቆም ፈቀዱልን፤ ድምፅ ማጉያም ተከራዩልን። መጀመሪያ ሰው ሳቀ። «ፈረንጁ ሰባኪ ሆነ!» ተባለ። ወንድሜ በጋሞኛ ስለ ቁስሉ መናገር ሲጀምር ግን ሳቁ ረገበ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እናት ጠጋ ብለው፣ «እንዳንተ ያለ ልጅ አለኝ፤ ሰው እንዳያየው ቤት ዘግቼበታለሁ» አሉት። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ሰው በዛ። ስማቸውን ደብተሬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ።

ደብተሩን ለሐኪሟ ሳሳያት፣ «ይሄ ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም» አለች። «ስንት ሰው እንደታመመ በጥናት ካልታወቀ ከፀሐይ የሚከላከለው ቅባትም፣ የቆዳ ሐኪምም አይመጣም። ጥናት ደግሞ በጀት ይፈልጋል።»

ወደ ዞኑ ምክር ቤት ማመልከቻ አስገባን። ሁለት ጊዜ «ለሚቀጥለው ዓመት» ተባልን። በሦስተኛው ስብሰባ ላይ «ተናገሩ» ተባልን። እኔ የጻፍኩትን አንብቤ ሳልጨርስ አንድ አባል እጃቸውን አወጡ።

«ወባ ሕዝቡን እያሰቃየ ለጥቂት ሰዎች ቆዳ በጀት እንያዝ ነው የምትሉት?»

ወንድሜ ተነሣና ባርኔጣውን አወለቀ። አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ የጆሮውን ቦታ አየ።

«ጥቂት መሆናችንን ማን ቆጥሮ ነገራችሁ?» አለ። «መጀመሪያ ቁጠሩን። ጥቂት ከሆንን ሁለተኛ እዚህ አልመጣም፤ ሙዜን አለማለሁ።»

ድምፅ ሲሰጥ መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት ያ የጠየቁት አባል ነበሩ። ከዚያ የግራውም የቀኙም ረድፍ እጅ አወጣ። በጀቱ ጸደቀ! ወንድሜ እንዳልገባው ሰው፣ «ምን አሉ?» አለኝ። እኔ እያለቀስኩ ስለነበር የነገሩት አጠገቡ የተቀመጡት ሰውዬ ናቸው።

በዚያው ዓመት ሐኪሟ የሕክምና ተማሪዎች አስከትላ ቀበሌ ለቀበሌ ዞረች። ወንድሜም መንገድ እየመራ አብሯት ዞረ። ምዕራብ ዓባያ ላይ እንደ እሱው ነጭ የሆነች አንዲት ልጅ ግንባር ላይ ምስር የምታክል ቁስል አገኙ። ልጅቷ ቁስሉ ተቆርጦ ሊወጣላት ሆስፒታል ስትገባ ከእናቷ ጋር በር ላይ ጠበቅናት። ረፋዱ ላይ በፋሻ ታስራ ወጣች።

«በቃ? አለቀ?» አሉ እናቷ።

«አለቀ» አለች ሐኪሟ። «ባርኔጣዋን ብቻ እንዳትረሳ።»

እናትየዋ ኮሪደሩ ላይ እልልታቸውን አቀለጡት። ጥበቃው «ሆስፒታል ነው፣ ዝም በሉ!» እያለ ሮጦ መጣ። ወንድሜ ግን እንደ ሴት እልል እያለ አገዛቸው።