ቀሪ የሌለው ደብዳቤ

እትዬ ታየች ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ መዝገብ ቤቱ ግን ከእሳቸው አልወጣም። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጎረቤቴ ናቸው። ውሃ ይቋረጣል የሚል ማስታወቂያ በራችን ላይ ሲለጠፍ ሁላችንም ባልዲ ፍለጋ ስንሯሯጥ፣ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ማን እንደፈረመበትና መቼ እንደተጻፈ ያያሉ። አንዳንዴ ማስታወቂያው ያለፈው ወር ሆኖ ይገኛል። ያኔ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዘን የቆምን ሰዎች ሹልክ ብለን ወደየቤታችን እንገባለን።

ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተዋል። ሥራቸው የሚመጣ ደብዳቤ ተቀብሎ፣ መዝግቦ ማሳለፍ ነበር። የሚያጠራጥር ደብዳቤ ሲመጣባቸው ካመጣው ሰው ጋር አይጨቃጨቁም። ወንበር ይሰጡትና፣ ደብዳቤውን ጻፈ ወደተባለው መሥሪያ ቤት ደውለው «በዚህ ቁጥር፣ በዚህ ቀን የወጣ ደብዳቤ ቀሪው እናንተ ጋ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። የእውነተኛ ደብዳቤ አንድ ቅጂ ሁልጊዜ የጻፈው መሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ይቀራላ። ቀሪ የለውም ከተባሉ፣ ብዙውን ጊዜ ደውለው ሲመለሱ ወንበሩን ባዶ ያገኙታል።

እኔ ማኑ እባላለሁ፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ጥፋቴን ስለሚያከብደው ነው።

ቅዳሜ ቀን ነበር፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ። እኔ ቤት ኢንተርኔት እንደ ልብ አይሠራም፤ እሳቸው በረንዳ ላይ ግን ይሻላል። ስለዚህ ላፕቶፔን ይዤ እንደ ልማዴ እሳቸው ጋ ተቀመጥኩ። ኢሜይሌን ስከፍት ከዳይሬክተራችን ከአቶ ገብረየሱስ አስቸኳይ የሚል መልእክት መጥቷል። የትምህርት ቤታችን ዓርማ አለበት፣ ክብ ማኅተም አለበት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መረጃ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልተላከ ተማሪዎቹ ከፈተና ምዝገባ ይሰረዛሉ፤ ለመላክ እዚህ ይጫኑ ይላል።

የአንዱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ሃምሳ ሁለት ልጆች አሉኝ። ሃምሳ ሁለቱም ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። ተጫንኩት። ኢሜይሌንና ፓስወርዴን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። በየመስከረሙ ተማሪ ፊት ቆሜ «ፓስወርድ ለማንም አይሰጥም» እያልኩ የምጮኸው ሰውዬ፣ ዓይኔን ሳላሽ ሰጠሁት። ቀጥሎ የተማሪዎቹን ፋይል አምጣ አለኝ። ፋይሉ ውስጥ ፎቷቸው፣ የልደት ቀናቸው፣ የእናታቸው ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥራቸውና የወላጅ ስልክ አለ። እሱንም መረጥኩና መላክ ጀመረ። ደግነቱ ኔትወርኩ ያዘግማል።

እትዬ ታየች ሻይ ይዘው መጡና መነጽራቸውን አደረጉ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የዳይሬክተሩ ደብዳቤ ነው። አስቸኳይ ነው፣ እትዬ ታየች።»

«ቁጥር የለውም።»

«ኢሜይል እኮ ነው፤ ቁጥር አያስፈልገውም።»

«ማኅተም ካስፈለገው ቁጥር ለምን አላስፈለገውም?»

ተናደድኩ። ጊዜው ተለውጧል፣ ይሄ የወረቀት ዘመን አይደለም አልኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና «ደውልላቸዋ» አሉ። ለመገላገል ብዬ ከመልእክቱ ግርጌ ያለውን ስልክ ቁጥር መምታት ስጀምር እጄን ያዙኝ።

«እሱን ቁጥር ደብዳቤው ነው ይዞት የመጣው። አንተ የምታውቀው ቁጥራቸው የለህም?»

«ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው! ልጆቹ ቢሰረዙ እርስዎ ይጠየቁልኛል?» ብዬ ጮኽኩባቸው። በእናቴ ዕድሜ ባሉ ሴትዮ ላይ፣ በገዛ በረንዳቸው።

«እጠየቃለሁ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «አሁን አቁመውና ደውል።»

ፋይሉ ከግማሽ አልፎ ነበር። አቋረጥኩት። ለአቶ ገብረየሱስ በማውቀው ስልካቸው ደወልኩ፤ አያነሱም። ደገምኩ፤ አያነሱም። ዘጠኝ ሰዓት ሞላ፣ አለፈ። እትዬ ታየች ሻያቸውን ይጠጣሉ፤ እኔ የልጆቹን ስም በሆዴ እቆጥራለሁ። ዘጠኝ ከሩብ ላይ ራሳቸው ደወሉ። ለቅሶ ቤት ነበሩ።

«የምን መረጃ ነው ማኑ?» አሉ። «እኔ ዛሬ ኮምፒውተር አልነካሁም። የተማሪ መረጃ በኢሜይል ጠይቄህስ አውቃለሁ?»

ስልኩን ዘግቼ የላኪውን ስም ተጫንኩት። ስሙ የአቶ ገብረየሱስ ነው፤ ከስሙ ሥር ያለው አድራሻ ግን በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ነው። መጀመሪያ ሳላየው የቀረሁት ልጆቹ ይሰረዛሉ የሚለውን ብቻ ስላየሁ ነው።

«እስካሁን ምን ሰጠሃቸው?» አሉኝ እትዬ ታየች።

«ምንም» አልኩ። አፍሬ ነበር። የኮምፒውተር አስተማሪ ነኛ።

አላመኑኝም፤ አልተጋፉኝምም። ብርጭቋቸውን አስቀምጠው አንድ ጊዜ የሐሰት ደብዳቤ ቁጥር ሰጥተው እንዳሳለፉ ነገሩኝ። «ማግስቱን ደረስኩበት» አሉ። «ግን ምን ይሉኛል ብዬ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። የመዘገብኩበትን መስመር በምላጭ ልፍቀው ሁሉ ሞክሬያለሁ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት እያለቀሰች መጣች፤ ቤቷ በዚያ ደብዳቤ ወደ ሌላ ሰው ስም ዞሯል። በመጀመሪያው ቀን ተናግሬ ቢሆን አይዞርም ነበር። ፊቷ እስከ ዛሬ አይጠፋኝም።»

ሻዩ ቀዝቅዟል። «ፓስወርዴን ሰጥቻለሁ» አልኩ።

«በል እንግዲህ፣ የሚደረገውን አድርግ።»

የሚደረገውን አውቃለሁ፤ የማላውቀውማ ምን አለ! ፓስወርዴን ቀየርኩ። በእኔ ስም ክፍት የሆነውን ሌላ መሣሪያ ሁሉ አስወጣሁ። ከእንግዲህ ያለ ስልኬ ኮድ ማንም እንዳይገባ አደረግኩ። ከዚያ የተላኩ መልእክቶችን ከፈትኩ። ያው ደብዳቤ፣ ከነማኅተሙ፣ ሰዓቱ ብቻ ወደ አሥር ተገፍቶ፣ ከእኔ ኢሜይል በእኔ ስም ለሌሎቹ አምስት የክፍል ኃላፊዎች ሄዷል።

አንድ በአንድ ደወልኩ። አራቱ ገና አላዩትም። አምስተኛዋ ሩሃማ ናት፤ ዘንድሮ የተቀጠረች፣ ልጆቿን እንደ ዓይኗ ብሌን የምታይ አስተማሪ።

«ልኬዋለሁ እኮ ቲቸር ማኑ» አለችኝ፣ ደስ ብሏት። «የአርባ ስምንቱንም። አሁን፣ አምስት ደቂቃ አይሆነውም። መጀመሪያ በዳይሬክተሩ ስም ሲመጣ ደስ ስላላለኝ ትቼው ነበር። ካንተ ሲመጣ ግን አመንኩ።»

አምስት ደቂቃ። እኔ እዚህ በረንዳ ላይ «ምንም» ብዬ ያባከንኩትን ጊዜ ያህል ነው። ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ እትዬ ታየች ትከሻዬን ይዘው እስኪበቃኝ ጠበቁኝ።

ሰኞ ጠዋት የአርባ ስምንቱ ልጆች ወላጆች ተጠርተው አዳራሽ ተሰበሰቡ። የልጃችሁን የልደት ቀን፣ የእናቱን ስም የሚያውቅ ሰው ቢደውልላችሁ፣ ማወቁን ብቻ አይታችሁ እንዳታምኑት ማለት ነበረብን። አቶ ገብረየሱስ ነገሩን አስረድተው ሲጨርሱ፣ ከኋላ አንድ አባት ተነሥተው «የልጆቻችንን መረጃ የላከችው መምህርት የትኛዋ ናት?» ሲሉ ጠየቁ። ሩሃማ ፊቷ በላብ ርሶ ልትነሣ ስትል ክንዷን ይዤ አስቀመጥኳት።

«ስሜ ማኑ ነው» አልኩ ቆሜ። «እሷ ያመነችው እኔን ነው።»