ከቅጥሩ አራት እርምጃ

ቦጋለች መንታ ወልዳ ነበር። አንድ ማሕፀን፣ አንድ ቀን፣ አንድ የእትብት መቁረጫ ምላጭ። ወንዱ ቀደመ፣ ሴቷ ተከተለች። ከዚያ ወዲህ ግን ቀን ለያያቸው፤ ወንድ ክርስትና የሚነሣው በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ነውና። ወንዱ በአርባ ቀኑ ተጠምቆ ወልደ ሚካኤል ተባለ። እኅቱ ያለ ስም እቤት ቀረች።

በሃምሳኛው ቀን ሁለቱንም ሳል ያዛቸው። ወንዱ ማክሰኞ ሞተ። ረቡዕ ጧት ቀሳውስቱ ፍትሐት ቆመውለት ሳለ የሴቷ ትንፋሽ ያጥር ጀመር። ሕፃን ሲታመም ቀኑ ሳይደርስም ማጥመቅ እንደሚፈቀድ የማያውቅ የለም፤ ቦጋለችም ታውቃለችና ባሏን ሞላን አስሮጠችው። ሞላ ሄዶ ተመለሰ።

«ቄስ ቀለመ ወርቅ ‹ፍትሐቱን ስንጨርስ እንመጣለን› አሉ» አለ።

ጨረሱ። መጡም። እደጃፉ ሲደርሱ ለቅሶው ቀድሟቸው ነበር።

ወንድሟ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከወይራው ሥር ተቀብሯል። እሷን ከቅጥሩ ውጭ ቀበሯት፤ አራት እርምጃ። ፍትሐት የለ፣ መታሰቢያ የለ፣ የሚጠራ ስም የለ።

ይህ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ ሠላሳውንም ዓመት ሰው ቦጋለችን «ተይው» ሲላት ኖረ። ምኑን ነው የምትተወው? የገዛ ልጁን ከደጅ ያሳደረ አንድ ሰው ይምጣና «ተይው» ይበላት፣ ያን ጊዜ ታስብበታለች። ሞላም «ተይው» ሲል ኖሮ «ተይው» እንዳለ ሞተ። እሱ፣ በዓመት አንዴ ደጅ መሳም የሚያቅተው ሰውዬ፣ ከቅጥሩ ውስጥ ነው የተቀበረው፤ ሃሜት አፏ ያልገባ ሕፃን ውጭ።

ፊደል አልቆጠረችም፤ ጆሮዋ ግን የተማረ ነው። ሊቃውንት አሉበት ሲሏት ከስማዳ ተነሥታ ጋይንት ቤተ ልሔም ድረስ በእግሯ ሄዳለች። እዚያ አንድ ሊቅ፣ «ጌታ ‹ከውኃና ከመንፈስ ያልተወለደ ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ሊገባ አይችልም› ብሏል» አሏት።

«በሄሮድስ የታረዱት ሕፃናትስ በየት ውኃ ተጠመቁ?»

«እነሱ በደማቸው ተጠመቁ።»

«እንግዲያ የእኔዋንም ሳል ከሚወስድብኝ ሄሮድስ ቢያርድልኝ ይሻለኝ ነበራ።»

ሊቁ ዳዊታቸውን ዘጉ። ሌላው ሊያጽናኗት ብለው፣ «እንዲህ ያሉት ከገነት ደጅ ቆመው ምሕረት ይጠብቃሉ» አሏት።

«ማን ደግፏት ነው የምትቆመው? የሃምሳ ቀን ልጅ ናት፤ አንገቷን አልቻለችም» ብላቸው ተነሣች። ሁለት ቀን ሙሉ በመንገዱ ስትነጫነጭ አገሯ ገባች።

ዘንድሮ ክረምቱ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ናደው። በየቤቱ ሃያ ሃያ ሸክም ድንጋይ ተደለደለ። የሥራው ኃላፊ ከፍያለው፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ፣ በፈረሰው ቅጥር ላይ ገመድ ሲዘረጋ ቦጋለች ደረሰች።

«ከፍያለው፣ ገመዱን ወደ ውጭ ግፋው። አራት እርምጃ።»

«እትዬ ቦጋለች፣ ቅጥር በጥንት መሠረቱ ላይ ነው የሚቆመው። ቃለ ጉባኤ ተይዞበታል።»

«ቃለ ጉባኤው ስለ ልጄ ምን ይላል?»

«ስለ ማንም ልጅ አይልም። ስለ ድንጋይ ነው የሚለው።»

«እሱማ ነው ነገሩ።»

በማግስቱ ድንጋይዋን ተሸክማ መጣች። እክምሩ ላይ መጣሉን ትታ ግን በትንሿ መቃብር ዙሪያ ትደረድረው ጀመር። ፀሐይ ሳይከር ካቡ እስከ ጉልበት ደረሰ። ግንበኛው ቻላቸው መዶሻውን አስቀምጦ አያት።

«እትዬ፣ እንጀራዬን ልትቀሚኝ ነው? ደግሞ የካቡ መስመር ጠምሟል።»

«አንተ ስትይዘው ይቃናል።»

ሰው ተሰበሰበ። ከፍያለው ቄስ ቀለመ ወርቅን አስጠራ። ያኔ ጢማቸው ገና የሚያቆጠቁጥ ወጣት ቄስ ነበሩ፤ አሁን በመቋሚያ ነው የሚሄዱ።

«ቦጋለች፣ ልጄ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ልጄን እያስገባሁ ነው። እርስዎ ስለዘገዩብኝ።»

የቆመው ሰው መሬት መሬት አየ።

«ሥርዓት አለ እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

«ሥርዓቱን አውቀዋለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ከደጁ ቆሜ አጥንቸዋለሁ። አንድ ነገር ይንገሩኝና ድንጋዬን አነሣለሁ። ወንጌሉ ሲነበብ ‹ያመነ የተጠመቀም ይድናል› ይላል። ቀጥሎ ‹ይፈረድበታል› የሚለው ማንን ነው? ያልተጠመቀውን ነው?»

ቄሱ መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ያላመነውን ነው።»

«የእኔዋ በሃምሳ ቀኗ ምኑን ካደች?»

በዚህ መሐል ቻላቸው የጥንቱን መሠረት በዶማ ሲጎረጉር ቆይቶ ቀና አለ።

«ኧረ ከፍያለው፣ ይህ ነገር ባዶ ነው። ጎርፉ ሥሩን በልቶታል። እዚህ ላይ ባቆመው ለሐምሌ አይደርስም። ጽኑው መሬት ያውና እዚያ ነው» ብሎ ከትንሿ መቃብር ወዲያ አመለከተ።

ሰው እንዴት ደስ አለው። ሸክም የወረደለት አህያ እንኳ እንዲያ አይተነፍስም። ሠላሳ ዓመት አፉን ይዞ የኖረ አገር፣ ግንበኛ ስለ ጎርፍ ሲናገርለት በአንዴ አፉ ተከፈተ። «እውነትም ባዶ ነው» ይላል አንዱ፤ «እኔስ አምና ብያችሁ አልነበር?» ይላል ሌላው። ከፍያለው ገመዱን እየጠቀለለ፣ «እንግዲህ የባለሙያ ነገር ከሆነ ቃለ ጉባኤው ይሻሻላል። በቃ እትዬ፣ ገባችልሽ» አለ።

ቦጋለች አልመረቀችውም።

«ለግንቡ ብለህ ነው ያስገባሃት፤ ለእሷ ብለህ አይደለም» አለችና ወደ ቄሱ ዞረች። «እርስዎ ግን አልመለሱልኝም። ድናለች ወይስ አልዳነችም?»

ቄስ ቀለመ ወርቅ ከደረደረችው ድንጋይ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«አጥምቁ ተብለን ታዘናል። ካላጠመቅን ያስጠይቀናል። ያን ዕለት ተነሥቼ መምጣት ነበረብኝ፤ ሙቱን ይዤ በሕይወት ላለችው ዘገየሁ። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ ጌታ እሷን በምን ይጠይቃታል? እላለሁ አንዳንዴ። ግን አላውቅም፣ ቦጋለች። አላውቅም።»

«ይችን አንዲት ቃል ለማውጣት ነው ሠላሳ ዓመት የፈጀባችሁ?»

የደረደረችውን ድንጋይ አንድ አንድ እያነሣች ወደ አዲሱ መስመር ታቀብል ጀመር። ቻላቸውም ቀልዱን ትቶ ተቀበላት።

ቅጥሩ በኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ቀለመ ወርቅ ከወይራው ሥር ቆመው እንደ ልማዳቸው ለሙታን ጸለዩ። ስም እየጠሩ ከወልደ ሚካኤል ዘንድ ሲደርሱ ትንሽ ቆም አሉና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምስለ እኅቱ» ብለው አለፉ፤ ከእኅቱ ጋር ማለታቸው ነው። አጠገባቸው የቆመው ከፍያለው እንኳ ልብ አላለም።

ቦጋለች ግን ከሴቶቹ መሐል ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አደረገች።

«ለሰው አልተሰማም፣ አባቴ» አለች።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው ደገሙት።