ምራቂ በሰው ሚዛን

የምሄድበት ቀን ዋዜማ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ እናቴ በሶዬን በጣሳ እየሰፈረች ላስቲክ ውስጥ ከተተችልኝ። ሰባት ጣሳ። ከዚያ አፉን ልታስር ስትል እጇን ወደ ከረጢቱ መለሰችና አንድ እፍኝ ጨመረችበት። «ይኼ ምራቂሽ ነው» አለችኝ። ለገዛ ልጅ ምራቂ ይሰጣል እንዴ ብዬ ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ደብረ ታቦር ገበያ እህል መሸጥ ከጀመረች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ገዢው የጠየቀውን ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ እፍኝ ሳትጨምር ከረጢት የምታስር ሴት አይደለችም። እንዲያውም ያልጨመረች ነጋዴ ካየች «እጇ ደርቋል» ብላ ሳምንቱን ሙሉ ታማታለች።

በማግስቱ መንገዱ ክፍት ነው ስለተባለ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። እንደምታውቁት አሁን አሁን መንገድ ክፍት ነው ሲባል ነው የሚኬደው፤ ነገ እሄዳለሁ ማለት የለም። ወንድሜ አስናቀ አዲስ አበባ ድረስ ሊሸኘኝ አብሮኝ ነበር። ሐሙሲት ስንደርስ ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶት፣ አህያውም በጉም ሰዉም አንድ ላይ ሆኖ ሹፌሩ ጥሩምባውን ሲያንባርቅ፣ በመስኮት እያየሁ ይኼን ግርግር ደግሜ የማየው መቼ ይሆን ብዬ እንባዬ መጣ። አስናቀ «ገና ባሕር ዳር እንኳን ሳንደርስ?» አለኝ።

ቦሌ ሻንጣዬን ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው አንዷ ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «አልፏል» አለች።

«በስንት?»

«በትንሽ። ግን አልፏል።»

«ምራቂ እኮ ነው፤ እናቴ ጨምራብኝ ነው» አልኳት፣ የምትስቅ መስሎኝ።

«አውሮፕላኑን የሚያበሩት እናትሽ ናቸው?» አለችኝ።

ሁለት ወፍራም መጽሐፍ አውጥቼ ለአስናቀ ሰጠሁት፤ በሶውን ግን ምን ቆርጦኝ እቀንሳለሁ። ያን ጊዜ ማስተዋል ነበረብኝ፤ ከዚያ ወዲያ ባለው ዓለም ሚዛን ማለት ሚዛን ነው።

ለትምህርት የገባሁባት ከተማ ትንሽ ናት፣ ጀርመን ምሥራቁ በኩል። ጉና ተራራ ሥር ያደገ ሰው ብርድ አይፈራም ብዬ ፎክሬ ነበር። የጉና ብርድ ግን ፀሐይ ስትወጣ ይቅርታ ይጠይቃል፤ የዚህኛው ፀሐይ ወጥታም ብርድ ነው። አከራዬ ቁልፍ ከመስጠቱ በፊት አራት ገጽ ደንብ አስፈረመኝ። ቆሻሻ በአራት በርሜል ይለያል፣ መስኮት በቀን ሁለት ጊዜ ይከፈታል፣ እሑድ በማሽን ልብስ አይታጠብም። «የእሑዱን ወድጄዋለሁ፣ እኛም አገር ሰንበት ይከበራል» ስለው ትክ ብሎ አየኝና «ሰንበት አይደለም፤ ማሽኑ ይጮኻል» አለኝ።

ከትምህርቱ ጎን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ሱፐርማርኬት ሥራ አገኘሁ። ሥራው ለቡና ለሻይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ የሚታደስበት ጊዜ ደርሶ ነበር፤ የውጭ አገር ሰዎች ቢሮ ደግሞ ራስሽን እንደምታስተዳድሪ ከአሠሪሽ ወረቀት አምጪ ብሎኛል። ሥራው ከሄደ ወረቀቱ የለም፣ ወረቀቱ ከሌለ ፈቃዱ የለም፣ ፈቃዱ ከሌለ ትምህርቱ ቀርቶ እኔም ወደ መጣሁበት። ስለዚህ ሥራውን እንደ እንቁላል ነበር የያዝኩት።

የተመደብኩት ፎርማጆና ሥጋ እየተቆረጠ በሚሸጥበት ባንኮኒ ነው። ሥጋው ግማሹ የአሳማ ነው። አብራኝ የምትሠራው ሬናተ የምትባል ጡረታዋ የደረሰ ሴት ናት፤ ፊቴን አየችና «አንቺ ፎርማጆውን ያዢ፣ አሳማው ለእኔ ይሁን» ብላ ገላገለችኝ። የፎርማጆው ዓይነት ብዛቱ ለጉድ ነው። እኛ አገር አይብ ሲሻግት ያለቀለት ነው፤ እዚህ የሻገተውን ለብቻው ለይተው ከደህናው አስበልጠው ይሸጡታል። የመጀመሪያው ቀን ተበላሽቷል ብዬ ልጥለው ስል ሬናተ ሮጣ መጥታ እጄን ያዘችኝ።

እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው በዚችው በሬናተ ነው። ቆርጣ ሚዛን ላይ ስታስቀምጥ ሁልጊዜ ገዢውን «ትንሽ ቢበልጥ ይሁን?» ትለዋለች። ገዢውም «ይሁን» ይላታል። ትንሽ ቢበልጥ። የሰማሁ ቀን ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። በዚህ ሁሉ ብርድና በዚህ ሁሉ ደንብ መሀል ምራቂ የሚያውቅ ሕዝብ አገኘሁ፣ ሰው ለካ የትም ሰው ነው አልኩ። ሬናተ «ይሁን» ከተባለች በኋላ የበለጠውንም ደምራ ነው የዋጋውን ወረቀት የምታሳትመው፤ እኔ እሱን አላየሁም። እኔ ያየሁት የበለጠውን ቁራጭ ብቻ ነው።

ስለዚህ የእናቴ ልጅ እንደመሆኔ ሠራሁ። የተጠየቀውን ልክ እመዝናለሁ፣ የዋጋውን ወረቀት አሳትማለሁ፣ ከዚያ አንድ ሁለት ስስ ቁራጭ ጣል አድርጌ እጠቀልለዋለሁ። ለአሮጊት ሦስት። ልጅ ለያዘች እናትም ሦስት። ሬናተ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሥጋዋን ትቆርጣለች፤ ማንም ምንም አላለኝም። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ለእናቴ ስደውል «ደንበኛ ይዣለሁ» እላታለሁ፤ እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እጅሽ እንዳይደርቅ» ትለኛለች።

ከደንበኞቼ አንዱ ከዘራ የሚይዙ ሽማግሌ ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ፤ ሁልጊዜ ያንኑ ፎርማጆ፣ ሁልጊዜ ያንኑ ልክ። አንድ ሐሙስ ገዝተው ከሄዱ በኋላ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሰው መጡ። ቤታቸው የወጥ ቤት ሚዛን አላቸው። መዝነውታል። በልጧል። ሦስተኛ ጊዜ ነው አሉ። የበለጠውን ሁለት ቁራጭ ለብቻው በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡልኝ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ ይባላል። ምራቂ ሲመለስ አይቼ አላውቅም፣ ተመለሰ ሲባልም ሰምቼ አላውቅም። አንበሳሜ ገበያ ሂዱ፣ ይፋግ ገበያ ሂዱ፣ ምራቂ አነሰኝ ብሎ የሚነታረክ ነው የሞላው፤ በዛብኝ ብሎ የሚመለስ ሰው ከየት ይመጣል? ሽማግሌው ክፋት የላቸውም፤ «ሚዛናችሁ ሳይበላሽ አይቀርም» ብለው ለሥራ አስኪያጇ ለፍራው ቤከር (ፍራው በእኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው) ነግረው ሄዱ። ፍራው ቤከር መጥታ ሚዛኑን ፈተሸችው። ደህና ነው። ከዚያ አጠገቤ ቆመች።

እኔ ሞኟ ሥራዬን ልታይልኝ የመጣች መሰለኝ። የሚቀጥለው ገዢ ሲመጣ መዘንኩ፣ አሳተምኩ፣ ከዚያ ዓይኗ እያየ ደህና አድርጌ ሁለት ቁራጭ ጨመርኩና ፈገግ ብዬ አየኋት። እንድታመሰግነኝ።

ቢሮዋ አስገባችኝ። እዚህ አገር አለቃና ሠራተኛ በአንቱታ ነው የሚነጋገረው።

«ምን እንዳደረጉ ያውቃሉ?» አለችኝ።

«ምራቂ ሰጠሁ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

በሰባራ ጀርመንኛዬ አስረዳኋት። ጣሳውን፣ እፍኙን፣ ያለ ምራቂ መሸጥ ምን ያህል እንደሚያሳፍር፣ የደብረ ታቦርን ገበያ ቢሮዋ ውስጥ ዘረጋሁላት። እጇን አጣምራ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ፎርማጆው የማን ነው?» አለች።

«የሱቁ።»

«እንግዲያው እርስዎ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሱቁን ዕቃ ሰርቀው ሰጥተዋል።»

በዕድሜዬ ሌባ ተብዬ አላውቅም፤ በአንቱታ ሌባ መባልማ ጭራሽ። «እኔ አንድም አልቀመስኩም፤ እንዲያውም ጾም ላይ ነኝ» አልኳት።

«ይቅመሱ አይቅመሱ አልጠየቅኩም» አለችኝ።

የውጭ አገር ሰዎች ቢሮ ቀጠሮዬ በሚቀጥለው ሳምንት መሆኑን፣ ወረቀቱን እሷ ካልፈረመችልኝ ማለቄን ነገርኳት። ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ሰኞ እነግርዎታለሁ» አለች።

ልብሴን ስቀይር ሬናተ መጣችና «ትንሽ ቢበልጥ ስል እኮ ይከፍሉበታል» አለችኝ፣ እንደ ማዘን ብላ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይብለጥልህ ወይ ብሎ ጠይቆ መልሶ የሚያስከፍል ምን ዓይነት አገር ነው እያልኩ፣ መንገዱን ሁሉ ብቻዬን ሳወራ ቤቴ ደረስኩ።

ቅዳሜ ለእናቴ ደወልኩ። አብራኝ እንድትበሳጭልኝ ነው የደወልኩት፤ አልዋሽም። የእኔን ልጅ ሌባ ትላለች፣ ታለቅሳለች፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ ይወጣልናል ብዬ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ሽማግሌው ላይ ስደርስ «መለሱት?» አለችኝ። «መለሱት» አልኳት።

«የሰው ጎተራ ከፍተሽ ነው እንዴ ምራቂ የምትሰጪው?» አለችኝ።

«አንቺ እኮ ነሽ ያስተማርሽኝ።»

«እኔ የምጨምረው ከራሴ ነው። አባትሽ ከሞተ በኋላ ጦሜን ያደርኩ ጊዜም ከራሴ ነው የጨመርኩት። የሰው እህል ስሸጥ ከሰው ጆንያ ስጨምር አይተሽኛል?»

አላየሁም። አክስቴ ይፋግ ሆና ጤፍ ትልክላትና እናቴ ትሸጥላት ነበር። ከአክስቴ ጆንያ ሰፍራ ስትጨርስ እፍኙን የምትዘግነው ከዚያው ጆንያ አይደለም፤ ዞር ብላ ከራሷ ከረጢት ነው። ልጅ ሆኜ አጠገቧ ተቀምጬ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ለምን ትዞራለች ብዬ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

«ሴትዮዋ እውነቷን ነው» አለችኝ እናቴ። «በስሙ ጠርታዋለች። ሂጂና ይቅርታ በያት።»

ፍራው ቤከር ሌባ ስትለኝ የተናደድኩት፣ እሷ ምን ታውቃለች ብዬ ነው። እናቴ ግን ታውቃለች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ ኀፍረቱ ገና አሁን፣ ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መጣብኝ።

ሰኞ ከሰዓቴ ቀድሜ ገባሁ። ፍራው ቤከር ይቀመጡ ሳትለኝ «ጥፋተኛ ነኝ። የሰው ነገር ነው የሰጠሁት። ከደመወዜ ይቆረጥ» አልኳት።

«ሐሙስ እንዲህ አላሉኝም» አለች።

«ሐሙስ እናቴን አልጠየቅኩም ነበር» አልኳት።

ሳቀች ማለት አይቻልም፤ የአፏ ዳር ግን ተንቀሳቅሷል። ማስጠንቀቂያ ጻፈችብኝ፣ ወረቀቴንም ፈረመችልኝ፣ ፈቃዴም ታደሰ። ከባንኮኒው ግን አነሳችኝ። አሁን የምሠራው ባዶ ጠርሙስ የሚመለስበት ጓዳ ነው። ሰው ጠርሙሱን ለማሽን ይሰጣል፣ ማሽኑ ለጠርሙሱ ያስያዘውን ገንዘብ ልኩን ይመልስለታል፣ እኔ ከኋላ ሆኜ የሞላውን ሳጥን በባዶ እለውጣለሁ። የምጨምረውም የምቀንሰውም የለኝም፤ ሰላምታ እንኳን ከሰው የማገኘው ማሽኑ ሲበላሽ ብቻ ነው። አንድ ቀን ማሽኑ ቆሞ ልከፍተው ስወጣ ከፊቱ የቆሙት እኚያ ባለከዘራው ሽማግሌ ናቸው። አወቁኝ።

«ሚዛኑ ተጠገነ?» አሉኝ።

«ተጠግኗል፣ አባቴ» አልኳቸው። አባቴ ማለት በእነሱ አገር እንደማይባል ትዝ ያለኝ ከተናገርኩት በኋላ ነው። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን ነክተው ሄዱ።

በቀደም በገበያ ቀን ለእናቴ ደወልኩ። ከኋላዋ ሰው ይጮኻል፣ አህያ ያናፋል፣ ጣሳው እህል ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ሁሉ ይሰማኛል። «በሶሽ አለ?» አለችኝ። «አለ» አልኳት፤ ካለቀ ሁለት ወር አልፎታል። ጸሎት እንዳልረሳ ነገረችኝ፣ ደርቤ እንድለብስ ነገረችኝ። ከዚያ «በይ ሰው ቆሞብኛል፣ ልዝጋው» አለች።

«እማዬ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ» አልኳት።

ስልኩን አልዘጋችውም፤ እህሉ ላይ አስቀምጣው መሰለኝ ድምፁ ሁሉ ቀረበኝ። ጣሳው ሲሰፍር ሰማሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። «አራት ነው ያልኩሽ» አለ ገዢው። አራት። ከዚያ እፍኙ ሲፈስ ልሰማ ጆሮዬን ስልኩ ላይ አጥብቄ ስጠብቅ መስመሩ ተቋረጠ።